ከደምቢያ ጭቃ ተመልሳችሁ መኪና የምታሳጥቡ፣ ሳትከፍሉ ሥሯን እዩ

ጎንደር ውስጥ መኪና ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ወደ ገጠር የምትመላለሱ፣ ይህን አንብቡልኝ። «ሙሉ እጥበት ከነሰርቪሱ» ተብዬ 11,500 ብር ከፈልሁ። የተሠራልኝ ግን ውጩን ማጠብና ሥሩን ናፍጣ መርጨት ብቻ ነው። የማቀርበው አቤቱታ ውሳኔ እስኪያገኝ የላቫጆውን ስም አልጠራም፤ አሠራሩን ግን ልንገራችሁ፣ ሌላ ቦታም ሊገጥማችሁ ይችላልና።

መስከረም አጋማሽ ላይ የአጎቴ ተዝካር ነበር። እናቴንና ሁለት አክስቶቼን ይዤ ከቆላ ድባ አልፌ ወረድሁ። የደምቢያን ዋልካ የነዳው ያውቀዋል፤ ዝናብ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ጎማ ላይ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ያለ መዶሻ አይለቅም። መኪናዬ የቆየች ላንድ ክሩዘር ናት። ሁለት ጊዜ እስከ ሆዷ ሰምጣ በአራቱም ጎማ እየታገለች ወጣች። ስንመለስ ደግሞ ወደ መገጭ የሚገባ አንድ ጅረት ሞልቶ ጠበቀን፤ ውሃው ከጎማው ግማሽ በላይ ደርሶ ነው የተሻገርነው።

እንዲህ ውላ የገባች መኪና በሳሙናና በውሃ ብቻ አትድንም። ውሃ ከመግባቷ በፊት ብዙ የሄደች መኪና ዲፈረንሻሏ፣ ማለት የሞተሩን ኃይል ለጎማዎቹ የሚያካፍለው ባለ ጥርስ ክፍል፣ የጋለ ነው። ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻውና ዘይት እንዳያፈስ በሚይዘው ላስቲክ፣ በጎሚኒው፣ በኩል ውሃ ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ወተት የፈሰሰበት ቡና ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ዘይት ጥርሶቹን ከመፋጨት አያድንም። ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ኩሽኔታም እንዲሁ ነው፣ ግራሶው (ወፍራሙ ቅባት) በውሃ ከተበላሸ ብረት ከብረት ጋር ይቀራል። ይህን ስለማውቅ የሁለቱም ዲፈረንሻል ዘይት እንዲቀየር፣ ኩሽኔታዎቹ ተከፍተው እንዲታዩ፣ በየመገጣጠሚያውም ግራሶ እንዲገባ አንድ በአንድ ተናግሬ ለላቫጆው ሰጠሁ። የ6 ሊትር ዘይት ዋጋ ብቻ 5,400 ብር ተብሎ በብጣሽ ወረቀት ተጻፈልኝ።

ልረከብ ስሄድ መሽቶ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሥሯ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ሆኗል። ደስ ብሎኝ ከፈልሁ።

በ12ኛው ቀን ከማራኪ ወደ አዘዞ ስወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ቆሜ ብወርድ የፊት ቀኝ ጎማ መሐሉ እጅ አያስነካም። እየተንፏቀቅሁ አዘዞ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ደረስሁ። ጎማውን ፈትተው ኩሽኔታውን ሲያወጡት ግራሶው ነጭ ሆኖ ተበጣጥሷል፣ ብረቱ ተቦርቡሯል። «ልጄ፣ ይህንን ማንም አልከፈተውም» አሉኝ። ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዘው ከሥር ገቡና ና እይ አሉኝ። የዲፈረንሻሉ ዘይት የሚገባበት ቡሎን ራስ ላይ የደምቢያ ዋልካ እንደ ደረቀ ተቀምጧል፤ ናፍጣው ከላይ አጥቁሮታል እንጂ አልነካውም። በጥፍራቸው ፈነቀሉት፣ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሣ። ከሥሩ ያለው ብረት ቁልፍ አላረፈበትም። የክሮቼራው፣ ማለት ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ መገጣጠሚያ፣ የግራሶ መግቢያም በዚያው ጭቃ እንደ ተደፈነ ነው። ግራሶ የገባበት ቦታ እኮ ጫፉ ተጠርጎ፣ ትርፉም በጎን ወጥቶ ይታያል። ዘይቱ ሲፈተሽ ያ ወተት የፈሰሰበት ቡና መልክ ነበረው።

አየር ፊልትሮውም «ተጠርጓል» ተብሎ ነበር። ወረቀቱን በውሃ አጥበውት ተጨማድዷል፤ የወረቀት ፊልትሮ በውሃ አይታጠብም።

ናፍጣውን በተመለከተ ሁላችንም ዝም ብለን የለመድነው ነገር ስለሆነ ጠንከር አድርጌ ልናገር። ዝገት ይከላከላል ይባላል። ጭቃ ሳይለቀቅ ከላይ ከተረጨ ግን እርጥበቱን ከሥሩ ይዞ ይቀራል፣ ዝገቱም የሚጀምረው ከዚያው ነው። የላስቲክ ቡሾችን እያሳበጠ ያለሰልሳል፣ የፍሬን ሸራ ከነካ ፍሬን ያንሸራትታል፣ በማግስቱም አቧራ ይሰበስባል። ለላቫጆው ግን ጥሩ ጥቅም አለው፤ ያልተሠራውን ሥራ ይሸፍናል።

ስለዚህ መኪናችሁን በቀን ስጡ፣ በቀን ተረከቡ። ከመስጠታችሁ በፊት በቡሎኑና በዲፈረንሻሉ ላይ አንድ የቀለም መስመር አስምሩ፤ መስመሩ ሳይዛነፍ ከተመለሰ አልተፈታም ማለት ነው። አሮጌው ዘይት በዕቃ ተቀምጦ ይቆያችሁ። ናፍጣ አይረጭ በሉ። ራዲያተሩ ላይ ኃይለኛ ውሃ በቅርብ እንዳይለቁበት ተከላከሉ፣ ስስ ክንፎቹ ይታጠፋሉ፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በቀስታ ይታጠብ። ቸርኬው ውስጥ የተጋገረው ጭቃም ይውጣ፤ አስፋልት ላይ መሪ የሚያንቀጠቅጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ ሰው ግን ባላንስ ሊያሠራ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ደረሰኝ ተቀበሉ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ስለምንገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለን፤ ብጣሽ ወረቀት ይዞ መከራከር ግን ከባድ መሆኑን አሁን እያየሁት ነው።

ፎቶግራፍ አንሥቼ ወደ ላቫጆው ተመልሼ ሄጄ ነበር። ኃላፊው ጭቃው ከእጥበቱ በኋላ የያዘ ነው አለኝ። በእነዚያ 12 ቀናት መኪናዋ ከአስፋልት አልወረደችም፤ ጭቃውም ከናፍጣው በታች እንጂ በላይ አልነበረም። ይህን ባሳየው በነጻ አጥብልሃለሁ አለኝ። አልተቀበልሁም። ሰኞ ጠዋት ፎቶግራፎቹንና ያችን ወረቀት ይዤ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። እንደ እኔ የተደረገባችሁ ካላችሁ የተሰጣችሁን ወረቀት ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንግባ።