ብርቱካናማው ሰደርያ ከስድስት ወር በኋላ

አንጸባራቂውን ሰደርያ የገዛሁት ለብስክሌት ነው፤ ማታ ከሥራ ስመለስ መኪኖች እንዲያዩኝ። በዚህ አልተከፋሁበትም። ቀን ቀን ቀለሙ ከሩቅ ይጮኻል። ማታ ደግሞ ብርማው ጥብጣብ ላይ ያሉት ጥቃቅን የመስታወት ፍሬዎች የመኪናውን መብራት ወደመጣበት ይመልሱታል። ዚፑ ግን በሁለተኛው ወር ጥርሱ ረገፈ። ኪሱም ስልክ አይችልም።

ሻጩ ያልነገረኝ ሌላ ሥራም አለው። አንድ ቀን ጓደኛዬን ልጠይቅ ሰደርያውን ሳላወልቅ ወደ መሥሪያ ቤቷ ገባሁ። ጥበቃው ከፊቴ የነበረውን ሱፍ ለባሽ መታወቂያ ጠየቀው፤ ቦርሳውንም አስከፈተው። እኔን ሲያይ በሩን ከፈተልኝ።

“ለሊፍቱ ነው አይደል? ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የቆመው።”

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ሊፍት የማውቀው ቁጥር መጫን ብቻ ነው። ቸኩዬ ስለነበር “እስቲ እናየዋለን” ብዬ አለፍኩ። ደረጃው ላይ ስደርስ አፈርኩ።

ቪልሄልም ቮይክት ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1906 ይህ ከእስር የወጣ ጫማ ሰፊ አሮጌ የሻምበል ልብስ ገዝቶ ለበሰ። መንገድ ላይ ያገኛቸውን ወታደሮች “ተከተሉኝ” አላቸው፤ ተከተሉት። ያኔ በርሊን አጠገብ ከነበረችው ከኮፐኒክ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ገብቶ ከንቲባውን አሳሰረ፤ ከ3,500 ማርክ በላይም ይዞ ሄደ። በደረሰኝ! ደረሰኝ የሚሰጥ ሌባ ማን ይጠረጥራል?

ታዲያ ልብሱ ብቻውን አይበቃም። በሌላ ቀን፣ ሌላ ሕንፃ፣ ያንኑ ሰደርያ እንደለበስኩ በሩ ላይ ቆም ብዬ ወዲያ ወዲህ አማተርኩ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። “ወንድሜ፣ ማንን ፈልገህ ነው?” መታወቂያ፣ ፊርማ፣ የስልክ ጥሪ፣ አንድም አልቀረልኝ። የመጀመሪያው ቀን ቸኩዬ፣ ፊቴን ቋጥሬ፣ ማንንም ሳላይ ነበር የገባሁት። ለካ ጥበቃው ያነበበው አረማመዴንም ነው።

ለብስክሌት ከሆነ ግዙት። ዚፑን እዚያው ሱቅ ውስጥ አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ስንት ጊዜ ቢታጠብ እንደሚችልም መለያው ላይ ተጽፎ እንደሆነ እዩ፤ ጥብጣቡ በእጥበት ብዛት ይደክማል።

የጓደኛዬ መሥሪያ ቤት ሊፍት እስካሁን አልተሠራም። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ጥበቃው ተቆጣኝ፦ “ኧረ መቼ ነው የምትጨርሱት?”