ልጄን ከሒሳብ ጭንቀት ላወጡልኝ ጋሼ፣ ምስጋናና ጥቆማ

የቱሉ ዲምቱ፣ የኮዬ ፈጬና የአካባቢው ወላጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ልጅ ኖሯችሁ ሒሳብ እንቅልፍ የነሳችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንብቡልኝ። እዚሁ ሰፈራችን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ልጄን አተረፉልኝ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። ሒሳብ ትወድ ነበር። ዘንድሮ ፖሊኖሚያል ፈንክሽን የሚባለው ምዕራፍ ሲመጣ ግን ነገሩ ተበላሸ። ፈተና በደረሰ ቁጥር ሆዷን ያማታል። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ከ100 ተፈታኝ የፈተናውን ግማሽ ነጥብ ያመጣው 4 እንኳ አልሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ከአሁኑ ካልተያዘ ብዬ አስጠኚ ፍለጋ ገባሁ።

ያየሁትን መከራ ልንገራችሁ። አንዱ ማስጠኛ የወሩን ክፍያ አስቀድሞ ተቀብሎ ልጆቹን አንድ ክፍል ውስጥ አጭቆ ሰሌዳ ያስገለብጣል። ጥያቄ የጠየቀ ይገላመጣል። ስለ ልጄ ልጠይቅ ብሄድ፣ እሷው በቆመችበት፣ «ቤዝ የላትም፣ 11ኛ ስትገባ ሶሻል ትምረጥ» አሉኝ። ሶሻል መጥፎ ሆኖ አይደለም። ልጅቷ የምትመኘው ግን ፋርማሲ ነው። ያን ቀን መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም።

ቀጥሎ ቤት ለቤት የሚያስተምር አገኘን። እሱ ደግሞ የቤት ሥራዋን ራሱ ሠርቶላት ስልኩን ሲነካካ ሰዓቱ ያልቃል። የቤት ሥራው ሁሌ ራይት፣ ፈተናው ሁሌ ውድቀት። ከመሃል ከተማ ሌላ ስንፈልግ ቱሉ ዲምቱ ማለታችንን ሲሰሙ «ኧረ ሩቅ ነው» ብለው ስልኩን ይዘጉታል። ኮንዶሚኒየም ደርሶን ወደዚህ ስንመጣ እልል ብለናል፣ እውነት ነው። ለልጆቹ ትምህርት ስንል የተቃጠልነውን ግን እኛ ነን የምናውቀው።

ጋሼን የጠቆመችን ጎረቤታችን ናት፣ እግዜር ይስጣት። የመጀመሪያው ቀን «አሮጌ ደብተሮቿን አምጡልኝ» አሉና ተቀመጡ። እኔ ቡና እየቆላሁ አያቸዋለሁ። ገጽ በገጽ ያነባሉ፣ አይናገሩም። በመጨረሻ ልጄን ጠሯት። «ልጄ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ። የምትሳሳቺው ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው» አሏት። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ልትሰማ ሲገባት የሰማችው ያን ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥያቄው በቅንፍ ተበትኖ ይመጣል፦ (ኤክስ − 2)(ኤክስ + 3)(ኤክስ − 5)። ይህ ፈንክሽን ዜሮ የሚሆነው ኤክስ ስንት ሲሆን ነው? ልጄ ቅንፎቹን አባዝታ ትዘረግፋቸዋለች፣ ከዚያ ገጹን ሙሉ ስትታገል ትውላለች። ጋሼ «የተፈለፈለ አተር መልሶ ልጣጩ ውስጥ የሚከት አለ?» አሏትና ጠየቋት፣ «ሦስት ቁጥሮች አባዝቼ ዜሮ አገኘሁ። ስለ ቁጥሮቹ ምን ታውቂያለሽ?»

ዝም አለች። እሳቸውም ዝም አሉ። አልቸኮሉም፣ አልመለሱላትም፣ ሰዓት አላዩም። ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ግልምጫው ወርዶባታል። ከቆይታ በኋላ ቀስ ብላ «ቢያንስ አንዱ ዜሮ ነው» አለች። «በቃ! እያንዳንዱን ቅንፍ ለየብቻ ዜሮ አድርጊው፣ ሌላ ምንም የለውም።»

2፣ 3፣ 5 ብላ ጻፈች። ተሳስተሻል አላሏትም። «መልሶችሽን ቅንፎቹ ውስጥ መልሰሽ ክተቻቸው» አሏት። 2 ዜሮ ሰጠ፣ 5ም ዜሮ ሰጠ። 3 ሲደመር 3 ግን 6 ሆነ። ራሷ አየችው፣ ራሷ ሰርዛ −3 ብላ ጻፈች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ለብዙ ጊዜ አላየሁትም ነበር። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ሆነ። ካሬ ያለበት ቅንፍ ሲሆን ግራፉ የኤክስን መስመር ነክቶ ይመለሳል፣ ካሬ ከሌለው ቆርጦት ያልፋል እያለች ለታናሽ ወንድሟ ታስረዳለች። ይሄኛው ለእኔ አልገባኝም፣ ለእሷ ግን ገብቷታል። አሁን ፈተና ሲኖራት ቁርሷን በልታ ነው የምትወጣው። መብራት ሲጠፋ በስልክ መብራት አስተምረዋታል። የባለቤቴ ደመወዝ የዘገየ ጊዜም ስለ ገንዘብ ትንፍሽ አላሉም።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የእርስዎን ውለታ በምን እከፍለዋለሁ?

ወላጆች፣ ልጃችሁን «ቤዝ የለውም» ያላችሁን ሰው ከመስማታችሁ በፊት እሳቸው ጋ ውሰዱት። እባካችሁ ውሰዱት። ብዙ ልጅ አንድ ላይ ስለማይቀበሉ ቦታው ቶሎ ይሞላል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ አሮጌ ደብተሮቹን ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።