ፋኖሱ ላይ ምን ይሞላ? ቤት የማያከረፋ የመብራት ነዳጅ ለመምረጥ

«ላምባው ቤቱን አከረፋው፤ ምን ልቀይርበት?» ጎጃም ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ይልቁንም ክረምት ገብቶ በርና መስኮት ሲዘጋ፣ ይህ ጥያቄ ከብዙ ቤት ይሰማል። ሽታው አየሩ ላይ ብቻ አይቀርም። የመሶቡ ክዳን በደንብ ካልገጠመ እንጀራው ይወስደዋል። ጋቢው ይወስደዋል። ጠዋት የልጆቹ አፍንጫ ሲጠረግ ጥቀርሻ ይወጣል።

ስለዚህ እኛ አካባቢ ሰው መብራት ላይ የሚሞላቸውን ነገሮች ላነጻጽር። ከዚያ በፊት ግን አቋሜን ልናገር። ብዙ ሰው ሽታ ሲያስቸግረው ነዳጅ ለመቀየር ይሮጣል። እኔ ግን ገንዘቡ መጀመሪያ መስታወት ላለው ፋኖስ ይውጣ ባይ ነኝ።

ሽታው ከየት ይመጣል?

ነዳጅ በደንብ ሲቃጠል ብዙም አይሸትም። አፍንጫ የሚይዘው ሳይቃጠል ያመለጠው ተን ነው። ሌላው ነዳጁ ውስጥ ያለው ድኝ ነው፤ ድኝ ሲቃጠል ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ያመጣል። የመጀመሪያውን መፍታት የሚቻለው በመብራቱ ነው። ሁለተኛውን ደግሞ ስንገዛ በመምረጥ።

ኩራዝን ተመልከቱት። ጣሳ ወይም ጠርሙስ፣ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ክር። እሳቱን የሚከልለው ነገር የለም። ሰው ባለፈ ቁጥር ይወዛወዛል፣ በተወዛወዘ ቁጥር ይጨሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዲህ ያለው ቀላል ባለ ክር መብራት ከሚፈጀው ላምባ በክብደት ከ7 እስከ 9 በመቶው ጥቀርሻ ሆኖ እንደሚወጣ ለክቶ አሳይቷል። ይህ ጥቀርሻ ነው ጣሪያውንና ግድግዳውን የሚያጠቁረው። ሳንባም ውስጥ የሚገባው ይኸው ነው።

ፋኖስ ላይ ነገሩ ይለወጣል። መስታወቱ ነፋስ ከመከለሉም በላይ አየር ይስባል። ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከታች ንጹሕ አየር ይገባና እሳቱ ጥሩ አድርጎ ይቃጠላል። ስዊዘርላንዳዊው አርጋን እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ በመስታወት የተከለለ መብራት ሲሠራ የተጠቀመበት ይህንኑ ነው። አንድ ጀሪካን ውስጥ ያለውን ላምባ ግማሹን በኩራዝ፣ ግማሹን በፋኖስ ብታነዱት የተለያየ ነዳጅ የገዛችሁ ይመስላችኋል።

ላምባ (ነጭ ጋዝ)

አሁንም ዋናው የመብራት ነዳጅ እሱ ነው። ቀጭን ስለሆነ ክሩን በቀላሉ ይወጣል፤ ፋኖስም የተሠራው ለእሱ ነው። ትንሽ ፋኖስ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈጃል። በማታ ሦስት ሰዓት የሚያበራ ቤት አንድ ሊትር ከሁለት ሳምንት በላይ ያቆየዋል ማለት ነው።

ችግሩ ላምባ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። የድኙ መጠን በጣም ይለያያል። አሜሪካኖች ለቤት ውስጥ የሚሆነውን ላምባ ከሌላው ለይተው ደረጃ አውጥተውለታል፦ ቤት ውስጥ እንዲነድ የሚፈቀደው ድኙ ከ0.04 በመቶ የማይበልጥ ነው፤ ሁለተኛው ደረጃ ግን እስከ 0.3 በመቶ ይደርሳል። እኛ ገበያ ላይ ሱቁ ጀሪካን ይዞ ሲቀዳላችሁ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አታገኙም። ስለዚህ ዓይንና አፍንጫ ነው የሚፈርደው።

በሚያሳይ ጠርሙስ አስቀድታችሁ ብርሃን ላይ አንሡት። ውሃ መምሰል አለበት፤ ቢጫ ካለ ወይም ከደፈረሰ ተጠራጠሩ። አንድ ሌሊት ሳይነካ ይደር። ውሃ ከተቀላቀለበት ከሥር ተለይቶ ይታያል። ውሃ የገባበት ላምባ እሳቱን ያንጣጣዋል፣ ክሩንም ያበላሸዋል። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና እሳት በሌለበት ቦታ አቆዩት። ንጹሕ ላምባ ቀስ እያለ ይተናል። ናፍጣ የተቀላቀለበት ከሆነ ቅባቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ይህቺን ፈተና ሱቅ ደጃፍ ላይ ለማድረግ አትፈሩ። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ትንሽ ቅዳልኝና አይቼ ልግዛ» ቢባል የሚቆጣ ነጋዴ ካለ፣ ሌላ ሱቅ ይኬዳል።

አያያዙ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ፋኖሱን ከፍታችሁ ክሩን እዩት። አናቱ ጠቁሮ፣ ጠንክሮ፣ አንዱ ጎኑ ከሌላው ከፍ ብሎ ከሆነ የሚሸተው ለዚያ ነው። የጠቆረውን በስለታም መቀስ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሁለቱን ጫፎች በጣም በትንሹ ንኳቸው፣ እሳቱ ቀንድ እንዳያወጣ። አዲስ ክር ከሆነ ላምባውን ጠጥቶ እስኪርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁት። ደረቁን ከለኮሳችሁት የሚነደው ክሩ ራሱ ነው። ለኩሳችሁም ወዲያው ከፍ አታድርጉት፤ ትንሽ ይሙቅ።

አንድ የተለመደ ነገር አለ። ላምባ ለመቆጠብ ክሩን በጣም ዝቅ አድርጎ ማደር። እሳቱ በጣም ሲያንስ ይቀዘቅዛል፣ ተኑን አቃጥሎ መጨረስ ያቅተዋል። ሌሊቱን ሙሉ ቤቱ የሚከረፋው በዚህ ነው። በመጠኑ ማብራት፣ ካልሆነም ማጥፋት ይሻላል። ሲጠፋ የሚወጣው ነጭ ጭስም ያልተቃጠለ ላምባ ነው። ስለዚህ ደጅ አውጥታችሁ አጥፉት፣ ሽታው እስኪለቀው እዚያው ይቆይ። ሲሞላም ደጅ ይሁን፣ ከጎኑ የፈሰሰው በጨርቅ ይጠረግ። ገንዳው ላይ የቀረች ጠብታ ፋኖሱ ሲግል ተን ሆና ትወጣለች።

ሽታውን ለማጥፋት ጨው ጨምሩበት የሚል ምክር ይሰማል። ጨው ላምባ ውስጥ አይሟሟም፤ ከሥር ይቀመጣል። ሽቶ መጨመርም መፍትሔ አይደለም። ሽቶው የላምባውን ሽታ አያነሳውም፣ ሌላ ሽታ ይደርብበታል። ብዙ ሽቶ የሚሠራው ደግሞ በአልኮል ነው፤ አልኮል እሳት ላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ላምባ ላምባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ቤት ውስጥ ላምባ መጠቀምን አይመክርም። በጥሩ ፋኖስም ቢሆን አየር መግቢያ ይኑር፤ ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ከሚተኛበት ክፍል ይራቅ።

ናፍጣና ቤንዚን

ናፍጣ ላምባ ሲጠፋ ሰው የሚሞክረው ነገር ነው። አይሆንም። ከላምባ ይወፍራል፣ ክሩን በደንብ አይወጣም፣ ክሩን ይዘጋል፣ መስታወቱን በአንድ ምሽት ያጠቁራል። ሽታው ደግሞ ልብስ ላይ ተጣብቆ ይሰነብታል።

ቤንዚን ከሽታ ጉዳይ ውጭ ነው። የላምባ ተን እሳት የሚይዘው ከ38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ጀምሮ ነው። የቤንዚን ተን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይም ይይዛል። ክፍሉ ውስጥ ገና ክብሪት ሳይጫር ተኑ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ማለት ነው። ጥቂት ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባም እንዲሁ አደገኛ ነው። የገዛችሁት ላምባ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ለፋኖስ አይሁን። መልሱት።

የምግብ ዘይት

እዚህ ላይ ጎጃም የራሱ ሀብት አለው። ጥቅምት ላይ ማሳውን ቢጫ የሚያለብሰው ኑግ የዘይት እህል ነው። ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይም ትላልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተተክለዋል። ታዲያ ዘይቱ መብራት ይሆናል ወይ?

ይሆናል፣ ግን ፋኖስ ላይ አይደለም። የምግብ ዘይት ወፍራም ነው። ክር ላይ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር በላይ መውጣት አይችልም። የፋኖስ ክር ረጅም ስለሆነ ዘይቱ ሳይደርስ ክሩ ተቃጥሎ ይጠፋል። የሚያስፈልገው አጭር ሰፊ ብርጭቆ ነው። ከሥር ሁለት ጣት የሚያህል ውሃ፣ ከላይ ዘይት። ከተፈተለ ጥጥ ክር ይገመድና በቀጭን ሽቦ ተይዞ አናቱ ከዘይቱ ትንሽ ብቻ ብቅ ይላል። ዘይቱ ሲያልቅ ውሃው ራሱ ያጠፋዋል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። የላምባ ሽታ የለም። ቢደፋ እንኳ እንደ ላምባ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ የብዙዎቹ ዘይቶች ተን እሳት የሚይዘው 300 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብርሃኑ ግን የአንድ ሻማ ያህል ነው። ለጸሎት፣ ሌሊት ለሚነሳ ሰው፣ ለታማሚ ጠባቂ ይበቃል። ለጥናት አይበቃም።

ከዘይቶቹ የትኛው? የሚረጋው የፓልም ዘይት ለደጋው አይመችም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በክረምት ሌሊት ዘይቱ ብርጭቆው ውስጥ ይረጋል፣ ክሩም ይደርቃል። ባሕር ዳር ላይ ይሻላል። የኑግ ዘይት አይረጋም፣ ሌላ ጠባይ ግን አለው። አብዛኛው ቅባቱ ሊኖሌክ አሲድ ነው፤ ይህ ለአየር ሲጋለጥ እየወፈረ ይሄድና ክሩን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ብርጭቆ ውስጥ ከሰነበተም ይሻግታል፣ ያን ጊዜ ሽታው ከላምባ አይሻልም። ስለዚህ ለኑግ ሕጉ ቀላል ነው፦ ለአንድ ለሁለት ሌሊት የሚበቃውን ብቻ ጨምሩ፣ ክሩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። የሱፍ ዘይትም ጠባዩ ለዚህ ይቀርባል። የወይራ ዘይት ከሁሉም የተሻለ ይነዳል፣ ግን በዋጋው ማን ያቃጥለዋል?

ሲጠፋ እፍ አትበሉት፤ የጥብስ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። የብረት ክዳን ድፉበት።

ለመብራት የተጣራ ፓራፊን

በጠርሙስ ታሽጎ «ለመብራት» ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽ ፓራፊን አለ። ከድኝ የጸዳ ነው፣ ሽታው ኢምንት ነው። ወረዳ ገበያ ላይ ብርቅ ነው፤ ከከተማ ወይም ከውጭ ሲመጣ ዋጋው ከላምባ ጋር አይወዳደርም። ከላምባ ስለሚወፍርም ሰፊ ክር ባለው ፋኖስ ላይ ብርሃኑ ይቀንሳል። ትንሽ ክብ ክር ላላት የጠረጴዛ መብራት ግን እጅግ ጥሩ ነው። ዘመድ ሲልክላችሁ ጠርሙሱን አንብቡ። ትንኝ ለማባረር መዓዛ የተጨመረበት ከሆነ ለደጅ የተሠራ ነው፣ ቤት ውስጥ አይነድም።

ሻማና ጧፍ

የሱቅ ሻማ እየነደደ ብዙም አይሸትም። የሚሸተው ሲጠፋና ክሩ ሲረዝም ነው። ክሩን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ነፋስ ከሚመጣበት አርቁት። ጧፍ ሌላ ነው። ከንጹሕ ሰም የተሠራ ጧፍ ገና በእጅ ሲታሽ ማር ማር ይላል፤ ሲነድም ቤቱን ደስ ያሰኛል። ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ለምሽት መብራት አይዘለቅም። ለጸሎት ሰዓት ግን ከሱ የሚበልጥ አላውቅም።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

ልጆች የሚያጠኑበት ቤት ከሆነ በቅድሚያ ትንሽ የሶላር መብራት። ሽታ የለው፣ ጥቀርሻ የለው፣ ነዳጅ አይጠይቅ። ጎጆው ውስጥ በኩራዝ ቅኔ ለሚቆጥር የአብነት ተማሪም ከሁሉ በፊት የምመኝለት ይህንን ነው፤ የሣር ክዳንና ክፍት እሳት አብረው ማደር የለባቸውም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ደመናው ፀሐይዋን ይዞ ይውላል፣ ሶላሩም ግማሽ ሌሊት ላይ ሊደክም ይችላል። ለዚያ ጊዜ ፋኖስና የተፈተነ ላምባ በመጠባበቂያነት ይቀመጥ።

ሶላር ለመግዛት አቅም ያልደረሰ ቤት ኩራዙን በፋኖስ ይተካ። የተሰነጠቀ መስታወት ያለው ፋኖስ ቤታችሁ ካለ ደግሞ ነዳጅ ከመቀየራችሁ በፊት መስታወቱን ቀይሩ። አልጋ አጠገብ ለምትበራ ትንሽ መብራት የኑግ ዘይት በውሃ ላይ ይሁን።

ላምባ የሚገዛ ሁሉ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። በሃይላንድ አስቀድታችሁ ውሃ ከሚቀመጥበት አታስቀምጡት። ውሃ ስለሚመስል ሕፃናት የሚጠጡት እንዲህ ነው። ለላምባ ብቻ የሚሆን ዕቃ መድቡ፣ ምልክት አድርጉበት፣ ልጅ ከማይደርስበት ስቀሉት። ልጅ ከጠጣ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባና የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ አድርሱት፣ የጠጣበትንም ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።