አውራ ጣቴን ለመለሰችልኝ ባለሙያ

ሽሮ ሜዳ ውስጥ የሀበሻ ልብስ ስሰፋ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት መርፌ ያልወጋው የእጄ ክፍል የለም። ባለፈው ታኅሣሥ የገጠመኝ ግን ሌላ ነበር። መርፌ ሳልይዝ ቀኝ አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን ይወጋኝ ጀመር፤ መርፌ ስይዝ ደግሞ ጣቶቼ መያዛቸውን አያውቁም። ጊዜው «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባልበት ነው። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ እኔ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቅቶኝ ልጄን እጣራለሁ።

ሕመሙ ከማጅራቴ በስተቀኝ ይነሳና በትከሻዬ ጫፍ በኩል በክንዴ ወርዶ አውራ ጣቴ ላይ ይቆማል። ሌሊት ይብሳል። ባለቤቴ «ብርድ ነው» ብላ በቅባት አሸችኝ። ጎረቤቴ «ደም ግፊት እንዳይሆን» አለኝ። ከመድኃኒት ቤት የገዛሁት ማስታገሻ ጨጓራዬን አነደደው እንጂ ክንዴን አላስታገሰውም። በመጨረሻ ወደ አንድ ወጌሻ ሄድኩ። ለወለምታ ወጌሻን የሚያህል የለም፤ በልጅነቴ ቁርጭምጭሚቴን ያዳነኝም ወጌሻ ነው። አንገት ግን ቁርጭምጭሚት አይደለም። ሰውዬው አገጬንና ማጅራቴን ይዞ ወደ ቀኝ ሲጠመዝዘኝ በክንዴ ውስጥ እሳት አለፈ። ጮኼ ተነሳሁ፣ ሂሳቡን ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ነው ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። ሐኪሙ ኤም አር አይ አስነስቶ አየና «ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው አይደለም፣ ፊዚዮቴራፒ ይጀምሩ» አለኝ። የሠርግ ቀሚሷን የሰፋሁላት አንዲት ደንበኛዬ ደግሞ ዛሬ ላመሰግናት ወደተነሳሁት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጠቆመችኝ።

ፊልሙን እንደ ጣቃ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ገባሁ። ተቀበለችኝና ሳትከፍተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። «ጋሼ፣ የሚደነዝዙት የትኞቹ ጣቶችዎ ናቸው?» አለችኝ። አሳየኋት። «ትንሿስ?» ትንሿ ደህና ናት። ክርኔን አጥፌ እንድይዝ፣ እሷ ልትዘረጋው ስትስብ እንድቋቋማት አደረገች። በትንሽ መዶሻ የክርኔን መታጠፊያ መታ ስታደርግ የግራው ክንዴ ዘለል አለ፣ የቀኙ ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። ቀጥሎ ተረከዜን ከእግር ጣቶቼ ጫፍ እያገናኘሁ በቀጭን መስመር እንድራመድ አዘዘችኝ፤ ሽንት መቆጣጠር አስቸግሮኝ እንደሆነም ጠየቀችኝ። አንገቱን ያመመውን ሰው ስለ ሽንቱ ምን አስጠየቃት ብዬ ተቆጥቼ ነበር። እሷ ግን ረጋ ብላ አስረዳችኝ። በአጥንቶቹ ቀዳዳ መሃል የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ራሱ ከተጫነ እግር ይተሳሰራል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታል፣ ሽንትና ሰገራ አልታዘዝ ሊሉ ይችላሉ። «እንዲህ ቢሆን ኖሮ የእኔ ሥራ አይሆንም ነበር፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ነበር የምልክዎት» አለችኝ። እምነቴን የጣልኩባት እዚህ ላይ ነው። የሥራውን ድንበር የሚያውቅ ባለሙያ በብዛት አልገጠመኝም።

በመጨረሻም ቀና አስብላ ራሴን ወደ ቀኝ አዘነበለችውና አናቴን በመዳፏ ቀስ ብላ ጫን አደረገችው። ያ እሳት አውራ ጣቴ ድረስ ወረደ። ወዲያው ለቀቀችኝና «ይበቃል። አምስተኛውና ስድስተኛው የአንገት አጥንት መካከል ይመስለኛል» ብላ ያኔ ፊልሙን ከፈተችው። በእርግጥም በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ዲስክ ወደ ኋላና ወደ ቀኝ ገፍቶ ነበር።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት። ከመደርደሪያ የፕላስቲክ አከርካሪ አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። የአንገት አጥንቶች ሰባት ናቸው፤ ያ ሁሉ አንገት ያላት ቀጭኔም ሰባት ብቻ ነው ያላት። ከመካከላቸው የሚወጡት ነርቮች ግን ስምንት ጥንድ ናቸው። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፤ ኋላ በራሴ ሙያ አሰብኩት። ሰባት ቁልፍ በሸሚዝ ላይ ብትደረድሩ በቁልፎቹ መካከል ስድስት ክፍተት ይኖራል። ከላይኛው ቁልፍ በላይ አንድ፣ ከታችኛው በታች አንድ ብትጨምሩ ስምንት ይሞላል። ነርቮቹም እንዲሁ ናቸው። የመጀመሪያው ከአንደኛው አጥንት በላይ፣ ስምንተኛው ከሰባተኛው በታች ይወጣል። ስድስተኛው መውጫው በአምስተኛውና በስድስተኛው አጥንት መካከል ሲሆን ስሜት የሚያደርሰው ወደ አውራ ጣት ወገን ነው። ሰባተኛው ለመሃል ጣት፣ ስምንተኛው ለትንሿ ጣት ነው። ጣቶቼን ያስቀደመችው ለዚህ ኖሯል።

ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት የአንገት ነርቮች፣ ከደረት የመጀመሪያው ነርቭ ጋር ሆነው፣ እንደ ጥልፍ ክር ተገናኝተውና ተለያይተው በአንገት ጎን ባሉ ሁለት ጡንቻዎች መካከል ያልፋሉ፤ ከዚያም ከትከሻ ወደ ደረት ከሚዘረጋው ከማጭድ አጥንት ሥር በብብት በኩል ወደ ክንድ ይዘልቃሉ። ይበልጥ የደነቀኝ ግን ከሦስተኛው፣ ከአራተኛውና ከአምስተኛው የሚዋጣው ነርቭ ነው። ክንድን ትቶ፣ ልብን ታክኮ ወርዶ ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ ያንቀሳቅሳል። የምተነፍሰው በአንገቴ ትእዛዝ መሆኑን በሃምሳ አራት ዓመቴ ሰማሁ።

ስለ ጡንቻዎቹም ብዙ ነገረችኝ። እኔ ጥፋተኛ የማደርገው ከራስ ቅል ግርጌ እስከ ጀርባ ወርዶ ትከሻን የሚያለብሰውን ሰፊውን ጡንቻ ነበር፤ ባለቤቴ ያሸችውም እሱን ነው። ለካስ እሱ የሌላውን ሥራ ተሸክሞ የደከመ ነው። ከጆሮ ጀርባ ተነስቶ ደረት አጥንትና ማጭድ አጥንት ላይ የሚያርፈውን ወፍራም ገመድ የመሰለ ጡንቻ በመስታወት አሳየችኝ። ፊቴን ወደ ግራ ሳዞር የሚወጠረው የቀኙ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው አንገት ለክቼ ይህን አላስተዋልኩም ነበር። የሰነፉብኝ ደግሞ ከፊት በኩል፣ ከጉሮሮ ጀርባ አጥንቱ ላይ ተለጥፈው ያሉት ትንንሾቹ ጡንቻዎች ናቸው። የሚጠነክሩትም በጀርባ ተኝቶ አገጭን ጥቂት ወደ ውስጥ በመሳብ ነው፤ «አዎ» ለማለት ራስን የመነቅነቅ ያህል፣ ከዚያ አይበልጥም። መጀመሪያ ቀን ስቄ ነበር። አሥር ጊዜ ከደገምኩት በኋላ ግን አንገቴ ተንቀጠቀጠ።

የሰው ራስ አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል አለችኝ። ከሽሮ ሜዳ ወደ አምስት ኪሎ በታክሲ መውረድ እንጂ አምስት ኪሎን አንገቴ ላይ ይዤ መዋሌን አላውቅም ነበር። ራስ ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር የኋላ ጡንቻዎች ሸክም ይጨምራል።

በሦስተኛው ቀጠሮ ልጄ ስሠራ በስልኩ እንዲቀርጸኝ ጠየቀች። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ካየች በኋላ ስለ ወንበሬም ስለ ጠረጴዛዬም ምንም አላለችም። «ጋሼ፣ መነጽር አለዎት?» አለችኝ። የለኝም። አፍንጫዬ መርፌው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ወደ ፊት የሚጎትተኝ ዓይኔ ነበር ማለት ነው። ቤት ውስጥ ይህን ለዓመታት ሲነግሩኝ «ገና አላረጀሁም» እያልኩ ኖሬአለሁ።

ከፋሲካ በፊት ሕመሙ ለቀቀኝ። ሁሉም ተአምር ነው አልላችሁም። እሷ ራሷ እንዲህ ያለው የነርቭ መጫን በብዙ ሰው ላይ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና እየቀለለ እንደሚሄድ፣ ፊልም ላይ የታየው ዲስክ ግን እንዳለ ሊቆይ እንደሚችል ከመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች። ዛሬም ጠዋት ጠዋት የአውራ ጣቴ ጫፍ ትንሽ ይደነዝዛል። ክሩን ግን እኔው አስገባለሁ። የአሥር ቀጠሮ ከፍዬ ነበር፤ በስምንተኛው ላይ «ከዚህ በኋላ ቤትዎ የሚሠሩት ይበቃዎታል» ብላ የሁለቱን ቀን ገንዘብ መለሰችልኝ። እኔ በበኩሌ ለእናቷ ነጠላ ልሰፋ አስቤ ነበር፤ በስንት ልመና ተቀበለችኝ።

ስሟንና ስልኳን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ፣ አንገቱ ወደ ክንዱ የሚያቃጥለው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አድራሻዋን እሰጣለሁ። እግሩ የሚተሳሰርበት፣ እጁ እየሰነፈ የሚሄድበት ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ያስቸገረው ካለ ግን እኔን አይጠብቅ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ። ኤም አር አይ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ እስክትጠይቃችሁ ግን ከብብታችሁ አታውጡት፣ መጀመሪያ የምታየው ጣታችሁን ነው።