የክሊኒክ ካርድ ሲስተም፦ በየወሩ የሚከፈልበት ወይስ ባህምኒ?

ደሴ ላይ ክሊኒክ ልከፍት ነው ያለ ጓደኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ለካርድ ክፍሉ የትኛውን ሲስተም ልግዛ?» አንዴ ጽፌው ልገላገል።

አንደኛው በኢንተርኔት የሚሠራው፣ በየወሩ የሚከፈልበትና አሁን አሁን «ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) አለው» እየተባለ የሚሸጠው ነው። ሁለተኛው ባህምኒ የሚባለው የታካሚ መዝገብ ሶፍትዌር ነው። በነጻ ይወርዳል፣ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። እኔ የባህምኒ ወገን ነኝ፤ አልደብቅም።

መጀመሪያ ብሩ። ወርኃዊው ብዙ ጊዜ በዶላር ይታሰባል፣ ያውም በሰው ቁጥር። ለአንድ ሰው 10 ዶላር ብንል፣ ካርድ ክፍል፣ ነርስ፣ ሐኪም፣ ላብራቶሪና ፋርማሲ 50 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዶላር ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ይሄ በ57 ብር ሒሳብ 2,850 ብር ነበር። ዶላር 100 ሲገባ 5,000 ሆነ፤ እዚያም አልቆመም። የካርድ ዋጋ ግን በዚያ ፍጥነት አይጨመርም። ታካሚው ጎረቤት ክሊኒክ ይገባላ!

ባህምኒ ራሱ ዜሮ ብር ነው። ወጪው ሌላ ቦታ ነው፦ 16 ጊጋ ራም ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ ራውተር፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ)፣ የሚጭነው ባለሙያ። ከባለሙያው ጋር ሥልጠናውንና የፎርም ማስተካከያውን አብራችሁ ተዋዋሉ። ካልሆነ ለየብቻ ያስከፍላችኋል።

ዩፒኤስ ላይ ተጠንቀቁ። ካርቶኑ አዲስ፣ ባትሪው ያለቀለት ሸጠውልኛል። ከፊት አረንጓዴ መብራት ቦግ ብሏል፤ ሶኬቱን ስነቅለው ኮምፒውተሩም አብሮ ድርግም። እዚያው ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር አሰክታችሁ፣ ሶኬት አስነቅላችሁ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ ክፈሉ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ያጥቁር።

ኢንተርኔቱንማ ምን ብዬ ላስረዳ? ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲዘጋ ያላየ የለም። መስመር ሲጠፋ ወርኃዊው የታካሚውን የቀድሞ ውጤት ማሳየት ያቅተዋል፤ ክፍያው ግን ይቆጥራል። ባህምኒ በግቢው ራውተር ብቻ ይሠራል።

«ኤአይ»ውን በተመለከተ፣ ቴክኖሎጂውን አልንቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የቲቢ ልየታ የደረት ራጅ የሚያነብ ሶፍትዌር እንዲያገለግል መክሯል። ለክሊኒክ የሚሸጠው ግን ሌላ ነው፤ ሐኪሙ ሲያወራ የሚጽፍ ነው። እንዲህ ያሉት ፕሮግራሞች ያልተባለ ነገር ጨምረው ሲጽፉ ተገኝተዋል። አማርኛና የእንግሊዝኛ የመድኃኒት ስም ሲቀላቀል ደግሞ አስቡት። ሐኪሙ መልሶ ማንበቡ ካልቀረ ለምን ተጨማሪ ይከፈላል?

የትኛውንም ብትገዙ በ2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን መዝግባችሁ ዕድሜውን እዩ። ከእውነተኛ ዕድሜው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ካስበለጠ በፈረንጅ ቆጠራ ነው የያዘው፤ የመድኃኒት መጠን ላይ ጣጣ አለው። «ሰኢድ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ሰይድ» ተብሎ የተመዘገበው ይመጣ እንደሆነም ሞክሩ። በእኛ ከተማ ይሄ የየቀኑ ሥራ ነው።

ኮምቦልቻ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ያላችሁ፣ ታካሚ በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ወርዶ ሁለቱም ጋ የሚታይላችሁ ከሆነ ወርኃዊው ያዋጣችሁ ይሆናል። ውሉ ግን በብር ይሁን። «ስንለቅ መረጃውን በሙሉ በፋይል ታስረክቡናላችሁ» የሚል መስመርም ይግባበት፤ አንድ በአንድ በፒዲኤፍ ካሉ አትፈርሙ።