በሪዲካር ቤቶች ደጃፍ፦ የሴንት ፋገንስ ሙዚየም ጉብኝት

ከዌልስ ዋና ከተማ ከካርዲፍ መሃል በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘውን የሴንት ፋገንስ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ከዚህ ቀደም ሦስት ጊዜ ጎብኝቼዋለሁ፤ ይህን ግምገማ ለመጻፍ የተነሣሁት ግን እናቴንና የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ለአራተኛ ጊዜ ከሄድኩ በኋላ ነው። ሙዚየሙ በ1948 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የተከፈተ ሲሆን፣ ከመላው ዌልስ ድንጋይ በድንጋይ ተፈርሰው እየመጡ በሰፊው ግቢ ውስጥ እንደ ቀድሞው የተተከሉ ከ40 በላይ ሕንፃዎች አሉት። ሁሉንም በአንድ ቀን ማየት ያደክማል፤ እኔም የምጽፈው በዋናነት ስለ አንዱ ክፍል፣ በተርታ ስለተሠሩት ስድስት የሪዲካር ቤቶች ነው።

ቤቶቹ መጀመሪያ የቆሙት በደቡብ ዌልስ በምትገኘው በሜርተር ቲድፊል ከተማ ሲሆን፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የብረት ባለሀብቱ ሪቻርድ ክሮሼይ ለብረት ማዕድን ሠራተኞቹ ያሠራቸው ናቸው። በአንድ ግድግዳ የተጋመዱ፣ በአሠራርም የሚመሳሰሉ ጠባብ ቤቶች ናቸው። ሙዚየሙ ስድስቱን ቤቶች በስድስት የተለያዩ ዘመናት ዕቃ አደራጅቷቸዋል፤ የመጀመሪያው የ1805 ቤት ነው፣ ቀጥሎ የ1855፣ የ1895፣ የ1925፣ የ1955፣ በመጨረሻም የ1985። ጎብኚው ከአንዱ በር ወጥቶ ወደ ቀጣዩ ሲገባ ያው ክፍል፣ ያው የምድጃ ቦታ ይጠብቀዋል፤ የሚለወጠው ቤተሰቡ በክፍሉ ውስጥ እንዴት ይኖር እንደነበር ነው። ብዙ ሙዚየም አይቻለሁ፤ የአንድን ቤተሰብ ኑሮ በዚህ መንገድ ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ ግን የለም።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ያደግሁት ከሜርተር ተራራ ማዶ ባለችው አበርዴር በምትባል ትንሽ የከሰል ከተማ ነው። በ1992 ስንመጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በፈረቃ ትሠራ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምውለው ግድግዳ ለግድግዳ በምንዋሰናቸው በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ቤት ነበር። ሁሉም ሰው ቦፓ ይላቸዋል። ቦፓ በዚያ አካባቢ ዝምድና ለሌላት፣ ግን እንደ አክስት ለምትታይ የጎረቤት ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነው፤ እናቴ ትርጉሙን ስትሰማ “ታዲያ እትዬ ማለት ነዋ” ብላ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ችግር ትጠራቸው ጀመር።

የ1925ቱን ቤት ስገባ መጀመሪያ ያገኘኝ የከሰል ጭስ ሽታ ነው። በሄድንበት ቀን ምድጃው ነድዶ ነበር። ቦፓ ከተወለዱበት ዘመን ጋር የሚገጥመው ይህ ቤት ስለሆነ፣ ሲነግሩኝ የኖሩትን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ የቆምኩ መሰለኝ። አባታቸው ከጉድጓድ ሥራ ሲመለሱ ከዓይናቸውና ከጥርሳቸው በቀር ሁለንተናቸው ጥቁር እንደነበር፣ እናታቸው ውኃውን በእሳቱ ላይ አሙቀው በምድጃው ፊት በተዘረጋው የቆርቆሮ ገንዳ ውስጥ ይገለብጡ እንደነበር፣ በአንድ ቤት ብዙ ቆፋሪዎች ካሉም በተራ ይታጠቡ እንደነበር ይነግሩኝ ነበር። ጀርባ ግን በየቀኑ አይታጠብም፤ ጀርባን አዘውትሮ ማጠብ ጉልበት ያሳጣል የሚል እምነት በቆፋሪዎቹ ዘንድ ነበረና። ከጊዜ በኋላ በማዕድን ማውጫዎቹ ደጃፍ መታጠቢያ ቤቶች ሲሠሩ ከሁሉ በላይ የተገላገሉት ሴቶቹ ናቸው ይሉ ነበር፤ ያን ሁሉ ውኃ የሚያነሡትና የሚደፉት እነርሱ ነበሩና። ልጄ ይህን ስነግረው ምድጃውን ትኩር ብሎ አይቶ “ታዲያ ሰው ሲገባስ?” አለኝ። እኔም በእሱ ዕድሜ ቦፓን የጠየቅኋቸው ይህንኑ ነበር፤ “ሰዉ ሁሉ እንዲሁ ሲታጠብ የኖረ ነው፣ ማን ማንን ያፍራል?” ብለውኛል።

ዓይን ያለው ጎብኚ ደረጃውንም ይመልከት። በዌልስ ቤት ከደረጃ ሥር ያለችው ጠባብ ጓዳ ኩች ትባላለች፤ ያው ቃል እቅፍ ማለትም ነው። ቦፓ “ነይ ኩች ስጪኝ” ሲሉኝ መጀመሪያ ሰሞን ወደ ጓዳዋ እሄድ ነበር፤ እርሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁኝ ነበር።

በ1955ቱ ቤት ደግሞ ሐሳቤ የሄደው ወደ ቦፓ ምጣድ ነው። የዌልስ ቂጣ የሚጋገረው በወፍራም ብረት ምጣድ ላይ ነው። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ ዘቢብና እንቁላል በትንሽ ቅመም ይታሻል፤ በጣት ውፍረት ይዳመጥና በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል። ቦፓ ምጣዱ መሞቁን የሚያውቁት ጥቂት ዱቄት በትነውበት ነው። ዱቄቱ ወዲያው ከጠቆረ ያወርዱታል፣ ቀስ ብሎ ቡናማ ከሆነ ቂጣውን ይጥዱበታል። እናቴ ይህን ስታይ፣ እርሷ የእንጀራ ምጣድ የምታሟሽበትን መንገድ በእጇ እያሳየች አስረዳቻቸው፤ ሁለቱ ሴቶች ገና በቅጡ በማይግባቡበት ቋንቋ ስለ ምጣድ አንድ ሰዓት ያህል ሲጨዋወቱ አስታውሳለሁ። ከእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለእኔ የቀረኝ ትልቁ ሥዕል ይህ ነው።

እናቴን ግን የያዛት የ1985ቱ ቤት ነው። ከሌሎቹ ቤቶች በጥቂት ደቂቃ የወጣች ሴት፣ ከዚህኛው እንድትወጣ ሁለት ጊዜ መጥራት ነበረብኝ። የመጀመሪያው ቤታችን ዕቃ ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም፤ አብዛኛውን ያገኘነውም ከጎረቤት ነው፤ ሶፋው ከአንዱ፣ መጋረጃው ከሌላው። ቤቱ ከመጋቢት 1984 እስከ መጋቢት 1985 የዘለቀው የማዕድን ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ያበቃበትን ዓመት መያዙ በደቡብ ዌልስ የከሰል ሸለቆዎች ላደገ ሰው የሚነግረው ብዙ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማዕድኖቹ አንድ በአንድ ተዘግተዋልና። በእኛ ሰፈር አቅራቢያ የነበረው የታወር ማዕድን በ1994 ሲዘጋ፣ 239 ሠራተኞች ከሥራ መሰናበቻ ገንዘባቸው እያንዳንዳቸው 8,000 ፓውንድ አዋጥተው ገዝተውት በጥር 1995 መልሰው ከፍተውታል፤ እስከ 2008ም ሠርቷል። ከአዋጪዎቹ አንዱ የቦፓ ልጅ ነበሩ፤ ማዕድኑ ዳግም በተከፈተበት ቀን ጠዋት ሰዉ በሰልፍ ሲያልፍ ቦፓ በደጃፋቸው ቆመው እጄን ጭምቅ አድርገው ይዘውኝ ነበር። ይህንን ዘመን የሚያሳይ ሰባተኛ ቤት ቢጨመር ምኞቴ ነው።

ስለ ቀሩት ሕንፃዎች በአጭሩ ልጻፍ። ከኦግሞር ቬል የመጣው የግዋሊያ ሱቅ ሁሉን በአንድ ጣሪያ ሥር ይሸጥ የነበረ የሸለቆ መደብር በመሆኑ ልጆች ይወዱታል። የኦክዴል የሠራተኞች አዳራሽ ግን ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ቆፋሪዎቹ ከደመወዛቸው በየጊዜው እያዋጡ እንዲህ ያሉ አዳራሾችን ከቤተ መጻሕፍትና ከንባብ ክፍል ጋር ማቆየታቸውን ስነግራት፣ እናቴ “ይህማ እድር ነው” አለች፤ እኔም የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም።

ለሚሄዱ ጥቂት ምክር ልስጥ። መግቢያው በነፃ ነው፣ ለመኪና ማቆሚያ ግን ይከፈላል፤ ከካርዲፍም በአውቶቡስ መሄድ ይቻላል። ግቢው ሰፊ፣ ዝናቡም የዌልስ ስለሆነ ጠንካራ ጫማና የዝናብ ልብስ ያስፈልጋል። የጥንቶቹ ቤቶች በር ዝቅ ያለ፣ ወለሉም ወጣ ገባ ስለሆነ አረጋውያንን ክንድ ይዞ ማስገባት ይበጃል። በየቤቱ ያሉትን አስተናጋጆች ያለ መሳቀቅ ጠይቋቸው፤ እኛን የተቀበሉን ሰው ስለ ቦፓ ስነግራቸው ሥራቸውን ትተው አዳመጡኝ፣ የራሳቸውን ቦፓ ታሪክም አጫወቱኝ። ከሁሉ በላይ ግን በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ እናቴ ባትኖር ኖሮ የ1985ቱን ቤት አልፌው እሄድ ነበር።

ስንወጣ ከአበሪስትዊዝ ከመጣው የደርወን ዳቦ ቤት ባራ ብሪዝ የሚባለውን በሻይ የራሰ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ገዛን። እናቴ በአውቶቡሱ ውስጥ አንድ ቁራጭ ቀምሳ ጥሩ መሆኑን መሰከረች፤ ቦፓ ግን ከዚህ ቀጠን አድርገው ይቆርጡት፣ ቅቤም ዳር እስከ ዳር ይቀቡት እንደነበር ለልጄ ነገረችውና የቀረውን በወረቀት ጠቅልላ ለቤት አስቀመጠችው።