የጥበቃ ካሜራ ልትገዙ ነው? 2.8፣ 4፣ 6 ወይስ 12 ሚሊ

ቱሉ ዲምቱ ቤታችን እንደገባን መጀመሪያ ያስገጠምነው ካሜራ ነበር፣ ባለ 2 ሜጋፒክስል፣ ሌንሱ 2.8 ሚሊ። ግቢው ጥግ እስከ ጥግ፣ አጥሩ፣ ውጪ ያለው ኮብልስቶን ሳይቀር ይታያል፣ በጣም ደስ ብሎን ነበር። ከዛ አንድ ሌሊት ደጅ የቆመችው መኪና ስፖኪዮ ተነቀለ። ቪዲዮውን ከፈትነው፣ ሰውዬው ሲመጣ ይታያል፣ ሲነቅል ይታያል፣ ሲሄድ ይታያል፣ ፊቱ ግን ዙም ስናደርገው ጭጋግ ብቻ።

ሌንሱ ላይ ሚሊ (ሚሊሜትር) የሚባለው ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ያያል ግን ሁሉንም ያርቀዋል፣ ሲጨምር ጠባብ ያያል ግን ያቀርባል። ከኛ ካሜራ እስከ መኪናዋ 14 ሜትር ነው፣ እዛ ርቀት ላይ 2.8 ወደ 36 ሜትር ስፋት ያሳያል፣ 4 ሚሊ 25 አካባቢ፣ 6 ሚሊ 14፣ 12 ሚሊ ደግሞ 7 ሜትር አይሞላም። ባለ 2 ሜጋፒክስል ምስል ወደ ጎን ያለው 1920 ፒክስል (ምስሉ የሚሰራበት ነጥብ) ነው፣ ይሄን ለ36 ሜትር ስታካፍሉት ለአንድ ሜትር 53 ይደርሰዋል፣ ለአንድ ሰው ፊት 8 ምናምን ማለት ነው፣ በሱ ደግሞ ወንድማችሁንም አትለዩም። የምታውቁትን ሰው "እሱ ነው" ለማለት በሜትር 125 ፒክስል ገደማ፣ የማታውቁትን ፊት ለመለየት 250 ያስፈልጋል። 6 ሚሊ እዛው ቦታ 134 ይሰጣል፣ 12 ሚሊ ከ280 በላይ።

ሻጩ "4 ሜጋፒክስል ውሰዱ በቃ" ሊላችሁ ይችላል። እሺ፣ ጥራቱ ይጨምራል፣ ግን በ2.8 ከሆነ እዛ ርቀት ላይ ለአንድ ሜትር 71 ፒክስል ነው የሚደርሰው፣ አሁንም ፊት የለም።

ስለዚህ ለሳሎን፣ ለበረንዳ፣ ለሱቅ ውስጥ 2.8 ውሰዱ፣ ፊት የሚለየው እስከ 3 ሜትር ስለሆነ እዛ ይበቃል። የግቢ በሩ 4 ሜትር ላይ ከሆነ 4 ሚሊ፣ 7 ሜትር ላይ ከሆነ 6 ሚሊ። ደጅ ለሚቆም መኪናና ለታርጋ 12፣ ግን እሱ ከስሩ የሚያልፈውን ሰው አያይም፣ ለዚህ ነው እኛ 2.8ቷን ሳናነሳ 12 የጨመርነው። ደግሞ የካሜራው የማታ ብርሃን ስንት ሜትር እንደሚደርስ ካርቶኑ ላይ እዩ፣ ሌንሱ አቅርቦ ብርሃኑ ካልደረሰ ምንም አይጠቅምም። ከ2.8 እስከ 12 የሚስተካከል ሌንስም አለ፣ ወደድ ይላል ግን ርቀቱን እርግጠኛ ላልሆነ ሰው ጥሩ ነው፣ ከቻላችሁ በሞተር የሚስተካከለውን ግዙ፣ የእጁ በየጊዜው መሰላል ያስወጣችኋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ካሜራው የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ቆማችሁ ስልካችሁን አግድም ይዛችሁ እዩ፣ ዙም ሳይደረግ የሚታየው በ4 እና በ6 ሚሊ መሀል ያለ ነው፣ 2 እጥፍ ዙም ስታደርጉት ወደ 8 ሚሊ ይጠጋል።